ሮቦት መኪናችሁን በኢንተርኔት ከሩቅ ለመንዳት፦ መጀመሪያ መቆም አስተምሯት

ቤት ውስጥ በዋይፋይ ጥሩ አድርጋ ትሄድ የነበረች ሮቦት መኪና፣ ከቤት ወጥታችሁ በሞባይል ዳታ ስትሞክሯት ጭራሽ አትሰማም። ወይም ትሰማለች፣ ትሄዳለች፣ ግን ኔትወርክ ሲቋረጥ የመጨረሻውን «ሂጂ» ይዛ ግድግዳ እስክትመታ አትቆምም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ይፈታል። ሁለተኛውን ግን አብዛኛው ትምህርት ጨርሶ አያነሳውም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ እሱ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሮቦቷ ያለችበት ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ሕፃን አለ፣ ደረጃ አለ።

እዚህ የምንሠራው ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ መኪና ነው። አንጎሏ ኢኤስፒ32 ነው፤ ዋይፋይ ያለው፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ። አዲስ አበባ ቤተሰብ ቤት ትቀመጥና እናንተ ከባሕር ዳርም ሆነ ከዋሽንግተን በስልካችሁ ትነዷታላችሁ። መስመር ሲቋረጥ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ራሷ ትቆማለች።

ከውጭ የማትሰማው ለምንድን ነው?

ዩቲዩብ ላይ ያለው አብዛኛው ትምህርት ሮቦቷን ራሷን ዌብ ሰርቨር ያደርጋታል። ስልካችሁ ላይ 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ትጽፋላችሁ፣ የመንጃ ቁልፎች ይመጣሉ። ያ አድራሻ ግን የሚያገለግለው ቤታችሁ ውስጥ ብቻ ነው። ከራውተሩ ውጭ ማንም አያውቀውም።

«ራውተሩ ላይ ፖርት ክፈቱ» (ከውጭ ለሚመጣ ጥሪ በር ክፈቱ ማለት ነው) የሚል ምክር ታገኛላችሁ። አትክፈቱ። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ በተለይ በሞባይል መስመር ላይ፣ አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ። እንዲህ ከሆነ ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣ ጥሪ እናንተ ጋ አይደርስም። ለማወቅ ራውተሩ ገጽ ላይ የተጻፈውን የውጭ አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መሀል የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም አድራሻ የሚያሳዩ ድረ ገጾች ከሚነግሯችሁ የተለየ ከሆነ፣ አድራሻው የጋራ ነው።

ቢሠራም እንኳ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ከኢንተርኔት ላይ እየፈለገ ተቆጣጥሯቸዋል። የተከፈተ በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ዛሬም ሌት ተቀን ይዞራሉ።

ስለዚህ መንገዱን እንገለብጠዋለን። ሮቦቷም ስልኩም ወደ ውጭ ይደውሉና መሀል ላይ ያለ አንድ ሰርቨር ያገናኛቸው። ይህ መሀል ያለው ሰርቨር ብሮከር ይባላል። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ደግሞ ኤምኪውቲቲ ነው። ወደ ውጭ የሚደረግ ጥሪ በማንኛውም ራውተርና በማንኛውም ሲም ካርድ ይሠራል ማለት ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አሟሉ

1. አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ 5 ጊጋኸርዙን አያየውም።
2. አንድ ኤል298ኤን የሞተር መንጃ ቦርድ።
3. ጎማ የተገጠመላቸው ሁለት ቢጫ ባለ ጊር ሞተሮች ከነሻሲያቸው።
4. ሁለት 18650 የሚባሉ የሊቲየም ባትሪዎች ከነመያዣቸው።
5. ኤልኤም2596 የሚባለው ቮልቴጅ መቀነሻ።
6. ማብሪያ ማጥፊያና ባለ 3 አምፔር ፊውዝ።
7. ባለ 10 ኪሎኦም፣ ባለ 47 ኪሎኦምና ባለ 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች፤ ባለ 100 ናኖፋራድና ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች።
8. ቴስተር። ያለ ቴስተር አትጀምሩ።
9. ቻርጅ ማድረግ ብቻ ሳይሆን ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ኬብል።

የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ግን ኮምፒውተሩ ቦርዱን «አላየሁትም» ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሁሉ ዳታ አያስተላልፍም።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የተፈቱ 18650ዎችን የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ በአንድ ለኩ። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየውን ጣሉት። ሽፋኑ የተላጠውንና ቻርጅ ላይ የሚሞቀውን እንኳን ሮቦት ላይ፣ ቤት ውስጥም አታስቀምጡ። ሰው በሌለበት ክፍል የምትቀመጥ ዕቃ ላይ የሚገጠም ባትሪ ነው፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ደረጃ 2፦ ኃይሉን አስተካክሉ

ሮቦት በየደቂቃው ራሷን እያጠፋች የምታበራ ከሆነ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ጥፋቱ ኮዱ ላይ አይደለም። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኢኤስፒ32ም እንደ አዲስ ይነሳል። ስለዚህ የአንጎሉንና የሞተሩን መስመር ለዩ።

1. ሁለቱን ባትሪዎች በተከታታይ አገናኙ። ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ።
2. ከፖዘቲቩ ቀጥሎ ፊውዙን፣ ከፊውዙ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያውን አስገቡ።
3. ከማብሪያው መስመሩን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ወደ ኤል298ኤን የሞተር መግቢያ፣ ሌላው ወደ ኤልኤም2596 መግቢያ ይሂድ።
4. ኤልኤም2596ን ከኢኤስፒ32 ጋር ሳታገናኙ በፊት ቴስተር ይዛችሁ ትንሿን ብሎን እያዞራችሁ መውጫውን 5 ቮልት ላይ አቁሙ። አዲስ ሲገዛ መውጫው ስንት ላይ እንዳለ አይታወቅም። ሳይለካ የተገናኘ ቦርድ በአንድ ሰከንድ ይቃጠላል።
5. 5 ቮልቱን ወደ ኢኤስፒ32 ቪን ፒን ውሰዱ። አጠገቡ ባለ 1000 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር ግጠሙ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አታቀያይሩ።
6. በእያንዳንዱ ሞተር ሁለት እግሮች መካከል ባለ 100 ናኖፋራዱን ካፓሲተር በይዱ። የሞተሩን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይውጣል።
7. የሁሉንም ቦርዶች ግራውንድ (የኔጋቲቩን መስመር) አንድ ላይ አገናኙ። ይህ ከተረሳ ሞተሩ ወይ አይሠራም ወይ እንደፈለገ ይፈናጠራል።

ባትሪውን ስትሞሉ ሁለቱን ከመያዣው አውጥታችሁ ለየብቻ ሙሏቸው። ቲፒ4056 የሚባለው ርካሽ ቻርጀር ለአንድ ባትሪ ብቻ የተሠራ ነው። በተከታታይ በተገናኙ ሁለት ባትሪዎች ላይ አትሰኩት።

ደረጃ 3፦ ሽቦውን ዘርጉ

ፒን ስትመርጡ ዝም ብላችሁ ክፍት ያገኛችሁት ላይ አትሰኩ። የኢኤስፒ32 አንዳንድ ፒኖች ሲበራ የራሳቸው ሥራ አላቸው። ከ6 እስከ 11 ያሉት የውስጥ ማህደረ ትውስታው ላይ ስለተያያዙ አትንኳቸው። 12 ቁጥር ሲበራ ኃይል ካገኘ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ከ34 እስከ 39 ያሉት መቀበል እንጂ ማዘዝ አይችሉም።

1. ከኤል298ኤን ላይ ኢኤንኤ እና ኢኤንቢ የሚባሉት (የሞተሮቹን ፍጥነት የሚያዙት) ፒኖች ላይ የተሰኩትን ጃምፐሮች፣ ማለትም ትንንሽ ማገናኛ ክዳኖች፣ ንቀሉ።
2. ከኢን1 እስከ ኢን4 ያሉትን በቅደም ተከተል ከ25፣ 26፣ 27 እና 33 ጋር አገናኙ።
3. ኢኤንኤን ከ32፣ ኢኤንቢን ከ23 ጋር አገናኙ።
4. ከኢኤንኤ ወደ ግራውንድ አንድ ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከኢኤንቢ ወደ ግራውንድ ሌላ ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገቡ።

አራተኛዋን አትዝለሉ። ኢኤስፒ32 ሲነሳ፣ ሲበላሽ ወይም ራሱን ሲያድስ ፒኖቹ ለአፍታ ያለ አዛዥ ይቀራሉ። ሬዚስተሮቹ በዚያች አፍታ ሞተሩን ዝም ያሰኙታል። ያለነሱ ሮቦቷ በተነሳች ቁጥር ልትፈናጠር ትችላለች።

አሁን የባትሪውን ልክ የምታነቡበትን ግጠሙ። ከማብሪያው በኋላ ካለው ፖዘቲቭ መስመር ባለ 100 ኪሎኦሙን፣ ከሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ ባለ 47 ኪሎኦሙን አድርጉና መሀላቸውን ከ34 ቁጥር ጋር አገናኙ። 8.4 ቮልቱ ወደ 2.7 ቮልት ወርዶ ስለሚደርስ ፒኑን አይጎዳውም። ዋይፋይ ሲበራ ቮልቴጅ ከሚያነቡት ፒኖች ግማሾቹ አይሠሩም፤ 34 ከሚሠሩት ውስጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ብሮከሩን ያለ ሮቦት ፈትኑት

ሮቦቷን ለጊዜው አጥፏት። መስመሩ መሥራቱን በስልክና በኮምፒውተር ብቻ አረጋግጡ። ይህን ዘለው በቀጥታ ወደ ኮዱ የሚገቡ ሰዎች ስህተቱ ዋይፋዩ ላይ ይሁን ብሮከሩ ላይ ይሁን ሳይለዩ ቀናቸውን ይፈጃሉ።

1. ነጻ አገልግሎት ያለው ብሮከር ላይ አካውንት ክፈቱ። ሃይቭኤምኪው ክላውድ ለዚህ ይበቃል።
2. ሁለት ተጠቃሚ ፍጠሩ። አንዱ ለሮቦቷ፣ አንዱ ለስልኩ። ለሁለቱም የተለያየ ረጅም የይለፍ ቃል ስጡ።
3. ኮምፒውተሩ ላይ ኤምኪውቲቲ ኤክስፕሎረርን፣ በብሮከሩ የሚያልፉትን መልእክቶች የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ጫኑ። የብሮከሩን አድራሻ፣ ፖርት 8883፣ ስምና የይለፍ ቃል አስገቡ። ቲኤልኤስ የሚለውን (መልእክቱን በመንገድ ላይ የሚመሰጥረውን) ማብራት አትርሱ።
4. ስልካችሁ ላይ ቁልፍ መሥራት የሚያስችል የኤምኪውቲቲ አፕ ጫኑና በተመሳሳይ መንገድ አገናኙት።
5. ሁለት ቶፒክ (መልእክቱ የሚላክበት የመስመር ስም) ወስኑ። አንዱ ትእዛዝ የሚሄድበት፣ ሌላው ሮቦቷ ያለችበትን ሁኔታ የምታሳውቅበት።
6. አምስት ቁልፍ ሥሩ፦ 1 ወደ ፊት፣ 2 ወደ ኋላ፣ 3 ወደ ግራ፣ 4 ወደ ቀኝ፣ 0 ቁም።
7. የስልኩን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ቁልፎቹን ንኩ። ቁጥሮቹ ኮምፒውተሩ ላይ መታየት አለባቸው።

ለሙከራ ተብለው ለሁሉም የተከፈቱ ብሮከሮች አሉ። ለሮቦት አትጠቀሙባቸው። እዚያ የምትልኩትን ማንም ያያል። የቶፒካችሁን ስም ያየ ሰው ደግሞ እናታችሁ ሳሎን ውስጥ ያለችውን መኪና መንዳት ይችላል።

ሪቴይን የሚለውን አጥፉት። አፑ ላይ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሪቴይን የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ከበራ ብሮከሩ የመጨረሻውን ትእዛዝ ያስቀምጥና ሮቦቷ በተገናኘች ቁጥር ይሰጣታል። ማታ «ወደ ፊት» ብላችሁ ተኝታችሁ ከሆነ፣ ጠዋት መብራት ሲመጣና ራውተሩ ሲነሳ ማንም ሳያዛት ትነሳለች። በስህተት ከተቀመጠ፣ ባዶ መልእክት ከነሪቴይኑ ወደዚያው ቶፒክ ላኩ፤ ይሰረዛል።

ትእዛዝ ስትልኩ ኪውኦኤስ (የመልእክት አደራረስ ደረጃ) 0ን ምረጡ። ከፍ ያለው የተሻለ ይመስላል፤ ያልደረሰውን ደጋግሞ ይልካልና። ለመንዳት ግን የዘገየ ትእዛዝ ከጠፋ ትእዛዝ ይከፋል። የጠፋውን ድጋሚ ትነኩታላችሁ። የዘገየው ግን መኪናዋ ሌላ ቦታ ከደረሰች በኋላ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 5፦ ኮዱ ውስጥ መቆሚያውን መጀመሪያ ጻፉ

አርዱዊኖ አይዲኢ (ኮድ ተጽፎ ቦርዱ ላይ የሚጫንበት ፕሮግራም) ላይ ፐብሰብክላይንት የሚባለውን የኤምኪውቲቲ ላይብረሪ ጫኑና አብሮት ከሚመጣው ምሳሌ ጀምሩ። ምሳሌው መልእክት መቀበልን በደንብ ያሳያል። እንዳለ ገልብጣችሁ ሞተር ካሰራችሁበት ግን አደገኛ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ምሳሌው ከብሮከሩ ሲቋረጥ እስኪገናኝ ድረስ አንድ ዙር ውስጥ ገብቶ፣ 5 ሰከንድ እየጠበቀ ይሞክራል። በዚያ ጊዜ ፕሮግራሙ ሌላ ምንም አይሠራም። ሞተሩ ሲሄድ ከነበረ ይሄዳል። «ከ400 ሚሊሰከንድ በኋላ አቁም» የሚል መስመር ብትጽፉም ተራው አይደርሰውም።

ሌላ ወጥመድም አለ። ዋይፋዩ በርቶ ከራውተሩ ጀርባ ያለው ኢንተርኔት ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ኢኤስፒ32 ይህን ወዲያው አያውቅም። የላይብረሪው መደበኛ የመጠባበቂያ ጊዜ 15 ሰከንድ ስለሆነ ለዚያ ያህልና ከዚያም በላይ «ተገናኝቻለሁ» ብሎ ያስባል። ስለዚህ «ግንኙነት ከተቋረጠ አቁም» የሚለው ሐሳብ ብቻውን አያድናችሁም።

የሚያድነው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ማብቂያ ይኑረው። አንድ ንክኪ፣ አንድ አጭር እርምጃ። ሮቦቷ ለመቆም ማንንም አትጠብቅ፤ ለመሄድ ግን ሁልጊዜ አዲስ ፈቃድ ትጠይቅ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

1. ኮዱ ሲጀምር ከዋይፋይም ከምንም በፊት ሁሉንም የሞተር ፒኖች አጥፉ።
2. «ማብቂያ» የሚባል አንድ ቁጥር አዘጋጁ። ከ1 እስከ 4 ያለ ትእዛዝ ሲደርስ ሞተሩን አስነሱና ማብቂያውን «አሁን ሲደመር 400 ሚሊሰከንድ» አድርጉ።
3. 0 ሲደርስ ወዲያው አቁሙ። ከ0 እስከ 4 ያልሆነ ማንኛውም መልእክት ሲደርስም አቁሙ።
4. በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚቀሰቀስ የኢኤስፒ32 ታይመር ክፈቱ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ማብቂያው ካለፈ ሞተሩን ማጥፋት። ታይመሩ ከዋናው ዙር ውጭ ስለሚሠራ ኮዱ ብሮከር ፍለጋ ላይ ቢጣበቅም ሥራውን ይሠራል።
5. ከብሮከሩ ጋር ድጋሚ ለመገናኘት ከመሞከራችሁ በፊት የሞተር ማቆሚያውን ጥሩ።
6. ምሳሌው ውስጥ ያለውን የማያልቅ ዙር በአንድ ሙከራ ተኩት። ካልተሳካ ውጡና ከ5 ሰከንድ በኋላ ድጋሚ ሞክሩ።
7. ቦርዱ ጨርሶ ቢጣበቅ ራሱን እንዲያስነሳ ዋችዶግ የሚባለውን የውስጥ ጠባቂ ሰዓት አብሩ። ፒኖቹ ሲለቀቁ ደረጃ 3 ላይ ያስገባችኋቸው ሬዚስተሮች ሞተሩን ያቆማሉ።

እርምጃውን ለመቁጠር ዲሌይ (ኮዱን አቁሞ የሚያስጠብቀውን ትእዛዝ) አትጠቀሙ። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ትእዛዞች ተጠራቅመው አንድ ላይ ይደርሳሉ። በዲሌይ ከጻፋችሁት አሥር የተጠራቀመ «ወደ ፊት» አራት ሰከንድ ሙሉ ያስሮጣታል። በማብቂያ ቁጥር ከጻፋችሁት ግን አሥሩም በቅጽበት ይነበባሉ፣ አንዱ ሌላውን ይተካል፣ የምትሄደው 400 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

ለቲኤልኤስ አንድ ነገር ጨምሩ። ኢኤስፒ32 ሲበራ ሰዓቱ 1970 ላይ ነው። የብሮከሩን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ሲያይ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ሊቃወም ይችላል። ስለዚህ ዋይፋይ እንደተገናኘ መጀመሪያ ሰዓቱን ከኤንቲፒ (በኢንተርኔት ሰዓት ከሚሰጥ አገልግሎት) እንዲወስድ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ብሮከሩ ይሂድ። ሰርተፍኬት ማጣሪያውን ጭራሽ የሚያጠፋ አቋራጭ አለ፤ ለአንድ ሙከራ እንጂ ቤት ውስጥ ለምትቀር ሮቦት አይሆንም።

በመጨረሻም ሮቦቷ በየ10 ሰከንዱ የባትሪዋን ቮልት ወደ ሁኔታ ቶፒኩ ትላክ። ከ6.4 ቮልት በታች ስትሆን የመሄጃ ትእዛዝ እንዳትቀበል አድርጉ። ሊቲየም ባትሪ ከልክ በላይ ሲራቆት ይበላሻል፤ ከዚያ ሲሞላም አደገኛ ይሆናል። ላስት ዊል የሚባለውንም አዘጋጁ። ሮቦቷ ሳትሰናበት ከጠፋች ብሮከሩ ራሱ «የለችም» ብሎ ይነግራችኋል።

ደረጃ 6፦ ጎማዋ መሬት ሳይነካ ፈትኗት

ሻሲውን ካርቶን ላይ አስቀምጡ። ጎማዎቹ አየር ላይ ይሁኑ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. አብሯት። ሞተሮቹ መንቀሳቀስ የለባቸውም፤ አንዲት ጊዜም ብትሆን።
2. አምስቱንም ቁልፎች በዋይፋይ ሞክሩ። አንዱ ጎማ ወደ ኋላ ከዞረ የዚያን ሞተር ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ።
3. ስልኩን ወደ ሞባይል ዳታ ቀይሩና ድገሙ።
4. «ወደ ፊት»ን ደጋግማችሁ እየነካችሁ ሌላ ሰው ራውተሩን ከሶኬት ይንቀለው። ጎማዎቹ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ መቆም አለባቸው።
5. ራውተሩን መልሱ። ሮቦቷ በራሷ ተመልሳ እስክትገናኝ ጠብቁ። ስትገናኝ ጎማ መዞር የለበትም።
6. አሁን ራውተሩን ሳታጠፉ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር ብቻ ንቀሉ። አራተኛውን ፈተና ያለፈች ሮቦት እዚህ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ጎማዎቹ ካልቆሙ ማብቂያው ታይመሩ ላይ አይደለም ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።
7. ጎማው ሲዞር የኢኤስፒ32ን ዳግም ማስነሻ ቁልፍ ተጫኑ። ወዲያው መቆም አለበት።

አንዱ እንኳ ካልተሳካ መሬት ላይ አታውርዷት። ሰባቱ ካለፉ ወለል ላይ አውርዳችሁ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ንዷት፤ እናንተ ግን እያያችኋት።

ደረጃ 7፦ ዓይን ስጧት

ኢኤስፒ32 ካም የሚባለው ርካሽ ካሜራ ቤት ውስጥ ይሠራል። ምስሉን ወደ ውጭ ለማውጣት ግን ተመልሳችሁ ያው የአድራሻ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ። ቀላሉ መንገድ አሮጌ ስማርት ስልክ ሻሲው ላይ አስራችሁ የቪዲዮ ጥሪ ማድረግ ነው። የጥሪ አፖች ቪዲዮን በደካማ መስመር ማለፍ ያውቁበታል። የኔትወርኩ ጥራት ሲወርድ ምስሉን አደብዝዘው እንቅስቃሴውን ያቆዩላችኋል። ለመንዳት የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

ያው ስልክ ሲም ካርድ ካለው ለሮቦቷ ሆትስፖት ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፤ ስልኩ ግን በራሱ ባትሪ ይቀጥላል። ኮዱ ላይ የራውተሩንም የስልኩንም ዋይፋይ ስም አስገቡ፤ ያገኘችውን ትያዝ። ሆትስፖቱን 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉ። አይፎን ከሆነ ተኳሃኝነትን ከፍ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። «ማንም ካልተገናኘ በራሱ ይጥፋ» የሚለው ካለ አጥፉት።

ስልኩ ከባድ ስለሆነ ከሻሲው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎማዎቹ ተጠግቶ ይታሰር። ከፍ ካለ መኪናዋ ስትቆም ትገለበጣለች።

የቤቱ ሰዎች ካሜራ እንዳለና መቼ እንደሚበራ ይወቁ። ጥሪውን ሁልጊዜ የቤት ሰው ያንሳ። ያለ ሰው ፈቃድ በራሱ የሚያነሳ አድርጋችሁ አትተዉት፤ የራሳችሁ ወላጆች ቤትም ቢሆን።

ደረጃ 8፦ እያዩ ሳይሆን እየጠበቁ መንዳት

ከመሄዳችሁ በፊት መዘግየቱን ለኩ። የሩጫ ሰዓት የከፈተ ስልክ ሮቦቷ ካሜራ ፊት አስቀምጡ። ጥሪውን የምታዩበትን ስልክ አጠገቡ አድርጉና ሁለቱን በአንድ ፎቶ አንሱ። የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት የምስሉ መዘግየት ነው። ከሌላ አገር ሲሆን ይጨምራል።

መዘግየቱ አንድ ሰከንድ ከሆነ፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የምትሄድ መኪና እናንተ ከምታዩዋት ቦታ ግማሽ ሜትር ቀድማለች። ደረጃው ጫፍ ላይ ስታዩዋት ወድቃለች ማለት ነው። ስለዚህ፦

1. አንድ ጊዜ ንኩ።
2. ምስሉ እስኪረጋ ጠብቁ።
3. ከዚያ ቀጣዩን ንኩ።

ትእግስት ይጠይቃል። ማርስ ላይ ያሉትን ሮቨሮችም በዚያው ቅጽበት እየነዳ የሚያሄዳቸው ሰው የለም። ምልክቱ ለመድረስ ደቂቃዎች ስለሚፈጅበት የቀኑን ሥራ ዕቅድ አድርገው ይልኩላቸዋል። የእናንተ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ግን ሰከንዱንም አክብሩት። ፍጥነቱን መጀመሪያ ከግማሽ በታች አድርጉ። ሞተሩ እየጮኸ ካልዞረ ትንሽ ጨምሩለት።

ሲበላሽ የት እንደምታዩ

*ኮድ አይጫንም።* ኬብሉን ቀይሩ። ከዚያ «በመገናኘት ላይ» የሚለው ሲመጣ ቦርዱ ላይ ያለውን ቡት ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ።

*ሮቦቷና ስልኩ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ እየተገናኙ ይቋረጣሉ።* ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ክላይንት አይዲ (ለብሮከሩ የሚነገር መለያ ስም) ተጽፏል። ብሮከሩ አዲስ የመጣውን አስገብቶ የቀደመውን ያስወጣል፤ እየተፈራረቁ ይባረራሉ። የተለያየ ስም ስጧቸው።

*ተገናኝታለች፣ ትእዛዝ ግን አይደርሳትም።* የቶፒኩን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያያል። መጀመሪያው ላይ የገባች አንዲት እዝባርም (/) ሌላ ቶፒክ ታደርገዋለች። ድጋሚ ከተገናኘች በኋላ ብቻ ከሆነ የማትሰማው፣ ቶፒኩን መከታተል የሚለውን መስመር እንደገና አልጠራችሁትም።

*ሞተሩ ሲነሳ ቦርዱ ራሱን ያጠፋል።* ሰርያል ሞኒተሩ (አርዱዊኖ አይዲኢ ውስጥ የቦርዱን መልእክት የሚያሳየው መስኮት) ላይ «ብራውንአውት» የሚል ከታየ ኃይል አንሷል። ባትሪውን ሞተሩ እየዞረ ለኩ፤ ቆሞ ሲለካ ደህና የሚመስል ያረጀ ባትሪ ሥራ ላይ ይወድቃል።

*ዋይፋዩን አታገኘውም።* ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ እየሰጠ ይሆናል። የሆቴልና የግቢ ዋይፋይ ደግሞ ገጽ ከፍታችሁ እንድትገቡ ስለሚጠይቅ ኢኤስፒ32 አይገባበትም፤ ሆትስፖት ተጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ ለቤቱ ሰው አስረክቡ

1. ማብሪያ ማጥፊያውን ሻሲው አናት ላይ አውጡትና በቀይ ቴፕ ጠቅልሉት። አባባም እማማም መነጽር ሳያደርጉ የሚያገኙት ይሁን።
2. እነሱ ራሳቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አብርተው ያጥፉት። ነግራችኋቸው መሄድ አይበቃም፤ በእጃቸው ይሞክሩት።
3. ደረጃና በረንዳ አፍ ላይ የማትሻገረው ጣውላ አስቀምጡ።
4. ስትጨርሱ እንዲያጠፏት ንገሯቸው። ቆማ ብትውልም ባትሪ ትበላለች፤ አንድ ቀን አትቆይላችሁም።
5. ባትሪው የሚሞላው ሰው ባለበት ሰዓት ይሁን። አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ።
6. ስልካችሁ ቢጠፋ የብሮከሩን የይለፍ ቃል የምትቀይሩበትን መግቢያ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ለስልኩ የተለየ ተጠቃሚ የፈጠራችሁት ለዚህ ነው፤ እሱን ብቻ ትሰርዛላችሁ፣ ሮቦቷ ላይ ያለው ኮድ አይነካም።
7. ከሩቅ ሆናችሁ በኢንተርኔት አዲስ ኮድ መጫን ይቻላል። ሮቦቷን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ግን አትሞክሩት። አንድ የተሳሳተ የዋይፋይ ስም ያለበት ኮድ ከገባ፣ እናንተ እስክትመለሱ ሮቦቷን የሚያገኛት የለም።